የሕፃን ሳንባም ያድጋል

በየማለዳው ወደ ዩኒቨርሲቲ ስሄድ መገናኛ ላይ ታክሲ እጠብቃለሁ። በሰልፉ ውስጥ የእናታቸውን እጅ ይዘው የሚቆሙ ሕፃናት አይታጡም። ያረጀ ሚኒባስ ጥቁር ጭሱን ሲተፋ እኛ አዋቂዎች ፊታችንን እናዞራለን፤ የሕፃኑ አፍንጫ ግን ለጭስ ማውጫው ከእኛ ይልቅ ቅርብ ነው። በሚኒባሱ መስታወት ላይ የዘመኑ ቦሎ ተለጥፏል።

ጉዳዩ የሳል ብቻ አይደለም። ሕፃን ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ይስባል፤ ሳንባውም ገና በመገንባት ላይ ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ልጆችን ከ10 እስከ 18 ዓመታቸው የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ጥናት፣ የሳንባ አቅማቸው ከሚጠበቀው በታች የሆነ ወጣቶች ድርሻ አየሩ እጅግ በተበከለባቸው ከተሞች አምስት እጥፍ ገደማ እንደሚልቅ አሳይቷል። በሕግ አስገዳጅነት አየሩ እየጠራ ሲሄድ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጥናት እንደመሰከረው፣ የኋለኞቹ ልጆች ሳንባ ከቀደምቶቹ የተሻለ አደገ። እንግዲህ ጉዳቱ ዕጣ ፈንታ ሳይሆን የፖሊሲ ውጤት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። መቀንጨር ሲነሣ ሁላችንም ሳህኑን እንመለከታለን፤ ምድጃውን ግን እንረሳለን። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የማገዶ ጭስ የሚምግ ሕፃን ለሳንባ ምች የተጋለጠ ነው። ደጋግሞ የሚታመም ሕፃን ደግሞ የበላው ለዕድገቱ መሆኑ ቀርቶ ከበሽታ ጋር ለሚያደርገው ትግል ይውላል።

«ደሃ አገር ስለ አየር የሚጨነቅበት ጊዜ የለውም» የሚሉ አሉ። ጭሱን አብዝቶ የሚተነፍሰው ግን ራሱ ደሃው ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ መልካም ጅምር ነው፤ ይሁንና በመንገድ ላይ ያሉትን አሮጌዎች አልነካም። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም የደሃዋን እናት ምጣድ ካላጋለ፣ ለልጇ ሳንባ ያተረፈለት ነገር የለም።

ጥያቄያችን ቀላል ነው፦ የከተሞቻችን አየር ይለካ፤ ውጤቱም በየዕለቱ ለሕዝብ ይነገር፤ ቦሎም ጭሱ ሳይመረመር አይሰጥ። መንገድና ሕንፃ ቢዘገይ ነገ ይሠራል። የሕፃን ሳንባ የሚያድግበት ዘመን ካለፈ ግን ተመልሶ አይመጣም።