የአንበሳው ዘር ታወቀ፤ የልጁስ?

እሑድ ጠዋት በአፉላ ባቡር ጣቢያ የምንገናኝ ተማሪዎች ጥቂት አይደለንም። ወደ ሐይፋ የሚወስደንን ባቡር ቆመን ስንጠብቅ ስለ ፈተና፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሥራ እናወራለን። በቅርቡ ግን ወሬያችን ሁሉ ስለ አንድ የአንበሳ ግቢ ፎቶ ሆነ።

ከጓደኞቻችን አንዷ በረጅሙ ዕረፍት ከወላጆቿ ጋር አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢን ሲጎበኙ መልኩ የእኛው፣ ቋንቋው ግን እንግሊዝኛ ብቻ የሆነ ወጣት አገኙ። በእጁ የቆየ ፎቶ ይዟል። በፎቶው ላይ አራት ዓመት ገደማ የሚሆነው ሕፃን የአንድ ፈረንጅ ትከሻ ላይ ተቀምጦ፣ ከኋላቸው አንበሳው ተኝቶ ይታያል። ሕፃኑ እሱ ራሱ ነው። አሳዳጊዎቹ ከኢትዮጵያ ይዘውት ከመውጣታቸው በፊት ለሽርሽር ባመጡት ዕለት የተነሣው ነው። የጓደኛችን እናት እንደ አገራቸው ወግ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጠየቁት። ልጃቸው ተረጎመችለት። ወጣቱ መልስ አልነበረውም፤ ፎቶውን ብቻ ዘረጋላቸው።

ነገሩ ከውስጣችን አልወጣ ስላለ ይህን ጻፍን።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ፎቶ ያላቸው ልጆች ብዙ ናቸው። በ2010 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ የኢትዮጵያ ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። ከዚያው ዓመት ጀምሮ አሳዳጊዎች ራሳቸው መጥተው ፍርድ ቤት መቅረብ ነበረባቸው፤ በኋላም የልጁ ቪዛ እስኪያልቅ አዲስ አበባ መሰንበት ነበረ። በእንግዳ ማረፊያ የተቀመጠ ቤተሰብ፣ ገና ያልተላመደ ልጅ፣ የማይግባቡበት ቋንቋ። ቀኑ እንዴት ይዋል? ልጁን ይዞ አንበሳ ለማየት መውጣት ከሁሉ የቀለለ ነበር። ልጁም ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ከአዲሶቹ ወላጆቹ ጋር የሳቀው እዚያ ይሆናል። በዚህ ማንንም አንወቅስም።

አንበሳ ግቢ በ1948 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመ ነው። ወንዶቹ አንበሶች እስከ ደረታቸውና ሆዳቸው በሚወርድ ጥቁር ጋማቸው ይታወቃሉ። በ2012 ተመራማሪዎች የ15ቱን ዲ ኤን ኤ መርምረው፣ ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለየ ዘር እንዳላቸው አሳወቁ፤ ዘራቸው እንዳይጠፋም በጥንቃቄ እንዲራቡ መከሩ።

መልካም ሥራ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ከአጥሩ ውስጥ ያለው የአንበሳ ዘር በሚመረመርበት በዚያው ዘመን፣ ከአጥሩ ውጭ የቆመው ሕፃን ዘር በወረቀት ላይ ይጠፋ ነበር። ዕድሜያቸው የተቀየረ፣ እናታቸው በሕይወት እያለች ሞታለች የተባለላቸው፣ ዘመድ እያላቸው ተጥለው እንደተገኙ የተመዘገቡ ልጆች መኖራቸው በኋላ ተጋልጧል። በ2011 መንግሥት በቀን የሚያያቸውን የጉዲፈቻ ጉዳዮች በእጅጉ ቀነሰ። በ2016 ዴንማርክ ከኢትዮጵያ ልጅ መቀበል አቆመች። በጃንዋሪ 2018 የኢትዮጵያ ፓርላማ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ።

«ወላጅ አልባ ሆኖ በችግር ከሚያድግ ቢወሰድ አይሻልም ወይ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእርግጥም ማንም ያልነበራቸው፣ በአሳዳጊዎቻቸው ፍቅር ያደጉና የተማሩ ልጆች ብዙ ናቸው። እገዳውም ቢሆን በየተቋሙ ላለው ሕፃን በራሱ ቤት አይሆነውም። እኛ የምንለው ሌላ ነው፤ ልጅን ማሳደግና ልጅን ከዘሩ መቁረጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የአገሩ ወግ ይህን ለይቶ ያውቅ ነበር። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ወግ የመጣ ነው፤ በአማራውም የጡት ልጅ የሚባል አለ። ልጁ አዲስ አባት አገኘ ማለት የወለደችው እናት ስም ተሰረዘ ማለት አልነበረም። ልጃቸውን ለፈረንጅ የሰጡ ብዙ የገጠር ወላጆችም ነገሩን የተረዱት በዚሁ ወግ ነው፤ ተምሮ ይመለሳል፣ ደብዳቤ ይጽፋል ብለው ነበር። የውጭው ሕግ ግን ዝምድናውን ፈጽሞ የሚቆርጥ ነበር። አንዱ አደራ ሲሰጥ ሌላው ለዘላለም ተቀበለ።

እኛ በጉዲፈቻ አልመጣንም፤ ቢሆንም ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከ1984 እስከ 1985 በሙሴ ዘመቻ ያለ ወላጅ የገቡ ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶቻችን ወደ ፕኒሚያ ተላኩ። አለሚቱ ተብላ ክፍል የገባች ልጅ ኢላና ተብላ ወጣች። ለጥናት ወይም ለጉብኝት ኢትዮጵያ የሄድንም ብንሆን ስንቶቻችን ከአንበሳው ጋር ፎቶ ተነሥተን፣ ቡና ገዝተን፣ አያታችን የተወለዱበትን መንደር ስም እንኳ ሳንጠይቅ ተመለስን?

ልዩነቱ ይህ ነው፤ ያ ወጣት የሚጠይቀው ሰው የለውም፤ እኛ ግን አለን። እዚሁ አፉላ ውስጥ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ማን ከማን እንደሚጋባና እንደማይጋባ የሚለዩ ሽማግሌዎች አሉ። በየዓመቱ ግን ቁጥራቸው ይቀንሳል። የአንበሳው ዘር በላቦራቶሪ ሊገኝ ይችላል። የእኛ ግን ያለው በእነሱ አፍ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዳችን በሚቀጥለው በዓል ቤት ስንገባ የአባትና የእናትን ወገን እስከ ሰባት ቤት፣ ከነመንደሩ ስም ጽፈን እንያዝ። ሁለተኛ፣ በጉዲፈቻ ያደጉ ወጣቶች ሲያጋጥሙን «ሐበሻ ሆነህ አማርኛ አትችልም?» ብለን አናሸማቅቃቸው። ዘር ከልጓም ይስባልና እየተመለሱ ነው፤ ቤተሰብ ፍለጋ የሚባል መዝገብም ወላጅና ልጅን ለማገናኘት ይሠራል። አማርኛና እንግሊዝኛ የሚችል ተማሪ ደብዳቤ በመተርጎም ብዙ ሊረዳቸው ይችላል።

ሦስተኛው ፊደል ነው። ጓደኛችን በመጨረሻ የነገረችን ይህን ነበር። ወጣቱ ፎቶውን ገልብጦ «እናቴን እፈልጋለሁ» የሚለውን በአማርኛ ጻፊልኝ አላት። እሷ አማርኛ ትናገራለች፤ መጻፍ ግን አትችልም። እናቷም ፊደል አልቆጠሩም። በአጠገባቸው ያለፈ አንድ የግቢው ሠራተኛ ጻፈለት።

ባቡሩ መጣና ተሳፈርን። እስከ ሐይፋ ድረስ ብዙም አላወራንም። ማክሰኞ ማታ ግን እሷን ጨምሮ አምስት ሆነን ከሀ ጀምረናል። ወንበር አለ፤ ኑ።