ለጀማሪ ከ«ግሎባል» በፊት «ሪተርን» ይቅደም

ፕሮግራሚንግ ለጀመረ ሰው በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ የጀብዱ ጨዋታ ከመሥራት የተሻለ መለማመጃ ማግኘት ይከብዳል። ሥዕልም ድምፅም አይፈልግም፤ ተጫዋቹ «ወደ ሰሜን ሂድ» ብሎ ይጽፋል፣ ፕሮግራሙ የደረሰበትን ይነግረዋል። ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ፈር የቀደደው አሜሪካዊው ዊል ክራውዘር ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በፎርትራን የጻፈውን የዋሻ ጉዞ ዶን ዉድስ እ.ኤ.አ. በ1977 አስፋፍቶታል። ዛሬ በፓይተን የሚሠሩት ጀማሪዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚደናቀፉት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ቫሪያብል የት ተፈጥሮ እስከ የት እንደሚታወቅ አይለዩም።

ጀማሪው ከፋይሉ አናት ላይ «ጉልበት = 100» ይላል። ዝቅ ብሎ «ውጊያ» የተባለ ፈንክሽን ውስጥ «ጉልበት = ጉልበት - 10» ብሎ ይጽፋል። ጠላት ሲመጣ ጨዋታው በኤረር ይቆማል። ፓይተን በአንድ ፈንክሽን ውስጥ ዋጋ የሚሰጠውን ስም ሁሉ አስቀድሞ የዚያው ፈንክሽን ንብረት አድርጎ ይመዘግባል። ስለዚህ ውጭ ያለውን 100 አያይም፤ የውስጡ ጉልበት ደግሞ ገና ባዶ ነው።

ይህስ ቢያንስ ጮኾ ይናገራል።

የባሰው ዝም የሚለው ስህተት ነው። «ሂድ» በተባለው ፈንክሽን ውስጥ «ክፍል = "ጫካ"» ተብሎ ቢጻፍ ምንም ኤረር አይመጣም። ጨዋታው «ጫካ ገብተሃል» ይላል፤ በሚቀጥለው ትእዛዝ ግን ተጫዋቹ ተመልሶ ቤቱ ነው። ፈንክሽኑ የራሱን «ክፍል» ፈጥሮ ሥራው ሲያልቅ አብሮ ጥሎታል። ይባስ ብሎ «ቦርሳ» የተባለ ሊስት ላይ በ«አፔንድ» ሰይፍ ቢጨመር በትክክል ይሠራል፤ የተለወጠው የሊስቱ ይዘት እንጂ ስሙ የሚያመለክተው ሊስት አይደለምና። ይህን ያልተነገረው ተማሪ ፓይተን እንዳሻው የሚሠራ ይመስለዋል።

የተለመደው ማስታገሻ «ግሎባል ጉልበት» የሚል መስመር መጨመር ነው። ለዕለቱ ይሠራል። ነገር ግን ፈንክሽኖቹ ሲበዙና ሁሉም በዚያው ቫሪያብል ላይ እጃቸውን ሲያስገቡ፣ ጉልበቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ማን እንዳወረደው ለማወቅ ፋይሉን በሙሉ ማሰስ ግድ ይላል። ጀማሪ ይህን ልማድ አንዴ ከያዘው በቀላሉ አይለቀውም።

የሚሻለው መንገድ ረጅም አይደለም። ፈንክሽኑ ጉልበቱን ተቀብሎ፣ አስልቶ፣ አዲሱን ዋጋ በ«ሪተርን» ይመልስ፤ ጠሪው ደግሞ «ጉልበት = ውጊያ(ጉልበት)» ብሎ ይረከብ። ጨዋታው ሲያድግ ጉልበቱም ክፍሉም ቦርሳውም «ተጫዋች» በሚባል አንድ ክላስ ውስጥ ይሰብሰቡ። የማይለወጥ የቦታዎች ካርታ ከሆነ ከላይ ቢቀመጥ ችግር የለውም፤ ለማንበብ ብቻ «ግሎባል» ማለትም አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ፓይተን 3 ጀምሮ የቫሪያብል ስም በግእዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል። በአማርኛ የሚያስተምሩ መምህራን እነዚህን ምሳሌዎች እንዳሉ ለተማሪዎቻቸው ያሳዩ፤ «ሪተርን»ን ከመጀመሪያው ፈንክሽን ጋር ያስተምሩ፣ «ግሎባል»ን ተማሪው ጉዳቱን መመዘን እስኪችል ያቆዩት።