ምናለሽ ተራ ከመሬት አይነቀል

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ማይክል ላንዲ እ.ኤ.አ. በ2001 በለንደን ኦክስፎርድ ጎዳና በአንድ ባዶ ሱቅ ውስጥ ንብረቱን ሁሉ፣ 7,227 ዕቃ፣ መዝግቦ በሁለት ሳምንት ውስጥ አፈራርሶ ፈጨው። መኪናው፣ ፓስፖርቱ፣ የአባቱ ካፖርት ሳይቀር ጠፋ፤ ቅሪቱም ወደ ቆሻሻ መድፊያ ተጋዘ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሠዓሊው ዴሚየን ሄርስት ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ብቅ ያለው የእንግሊዝ ሠዓሊያን ትውልድ ስለ ዕቃ ብዛት ካቀረበው ሁሉ ደፋሩ ሥራ ይህ ይመስለናል።

በመርካቶ ግን ያረጀ ዕቃ ዕጣው ሌላ ነው። ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ምናለሽ ተራ ይራገፋል፤ በርሜሉ ተቀዶ ምድጃ፣ ቆርቆሮው ሳጥን፣ ጎማው ጫማ ይሆናል። ሠዓሊ ኤልያስ ስሜም የተፈታ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የኪቦርድ ቁልፍና ባለቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገዛው ከመርካቶ ነው። ሽቦውን እየጎነጎነ እንጨት ላይ በምስማር ይመታዋል፤ ራቅ ብለው ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ይመስላል። ሥራው በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ፣ በ2023 ደግሞ «እርጋታ» በሚል ርዕስ በብሪታንያ ብሪስቶል ከተማ፣ በአርኖልፊኒ ታይቷል።

እኛ ከላንዲ ይልቅ የኤልያስን መንገድ እንመርጣለን። ይህ መንገድ ደግሞ እንደ ምናለሽ ተራ ያለ ሰፈር ከሌለ አይኖርም። ሽቦ ፈቺው፣ ቀጥቃጩና ሻጩ ጎን ለጎን ባይቀመጡ ኖሮ ኤልያስ የሚፈልገውን ዓይነትና ቀለም እየመረጠ የሚያገኝበት ቦታ ባልኖረ ነበር።

የመርካቶን መታደስ አንቃወምም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራን ያቃጠለው እሳት የእሳት አደጋ መኪና እንደልቡ የሚገባበት መንገድ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። ነገር ግን በርሜል የሚቀድ ሰው አምስተኛ ፎቅ ላይ ሊሠራ አይችልም፤ ወደ ከተማ ዳር ቢሄድም ደንበኛው አይከተለውም።

ስለዚህ የከተማ አስተዳደሩና የአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በማንኛውም የልማት ዕቅድ ውስጥ ለምናለሽ ተራ በመርካቶው መሬት ላይ፣ ሳይበታተን፣ ቦታ ሊይዙለት ይገባል። የእሳት ማጥፊያ ውኃ ይግባለት። መዳብ ለማውጣት ሽቦ ማቃጠል ይከልከል፤ ጭሱ አስቀድሞ የሚጎዳው ሠራተኛውን ነውና በምትኩ የሽቦ መላጫ መሣሪያ ይቅረብለት። ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊትም ባለሙያዎቹ ራሳቸው ተጠርተው፣ የትኛው ሥራ ከየትኛው አጠገብ መሆን እንዳለበት ይናገሩ።