ሲንጀር የጠረጴዛ እግር አይደለም

ወዳጆቻችን፣ ዛሬ ጠብ ፈልገን ነው የመጣነው። ጠባችን ደግሞ ከጠረጴዛ ጋር ነው።

ቦሌም በሉ ሳር ቤት፣ አዲስ የተከፈተ ካፌ ገብታችሁ ማኪያቷችሁን ያሳረፋችሁበትን ጠረጴዛ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። እግሩ ጥቁር ብረት ነው፤ እንደ ሐረግ የተጠላለፈ። መሃሉ ላይ በላቲን ፊደል «ሲንጀር» የሚል ተጽፎበታል። ከላዩ መስታወት ተጭኗል። መርገጫው ግን አለ። ጫማችሁን አሳርፋችሁ ወዲያና ወዲህ ብትሉት ይሄዳል። ምንም አያዞርም እንጂ። ጭንቅላቱ የለማ! ጭንቅላቱ ወይ ምን አለሽ ተራ በኪሎ ተሽጧል፣ ወይ እዚያው ካፌ መደርደሪያ ላይ ከአንድ የከሰል ካውያና ከአንድ የሸክላ ማጫወቻ ጋር ተደርድሮ «ድባብ» እየፈጠረ ነው።

ባለ ካፌዎቹን ጠይቋቸው፤ «ቅርስ እየጠበቅን እኮ ነው» ይሏችኋል። እኛ ደግሞ ሰው አንገቱን ተቆርጦ እግሩ ብቻ ሲቀበር «አስከሬኑን አክብረናል» እንደማለት ነው እንላለን።

ነገሩን ያነሳነው በካዛንቺስ ምክንያት ነው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራበት «ኢንቺስ» የሚባል ተቋም ስለነበረው ነው። «ካሳ ኢንቺስ» ሲሉ ሰምተን እኛ በአፋችን ካዛንቺስ አልነው። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት በኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ሰፈሩ ሲፈርስ ሁላችንም ስለ ቤቶቹ አወራን። ስለ ጥብስ ቤቶቹ፣ ስለ ጠጅ ቤቶቹ፣ ስለ ጎረቤታሞቹ መበተን አወራን። ትክክል ነበርን። ነገር ግን ቤቶቹ ውስጥ ስለነበረው መሣሪያ ያወራ ሰው አላየንም።

የምን መሣሪያ ትሉ ይሆናል። በየቀበሌ ቤቱ መንገድ ዳር በተከፈተች አንዲት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ በእግሩ የሚረግጠው ሲንጀር። የከሰል ካውያው። ትልቁ የጨርቅ መቀሱ። የጫማ ሰፊው የእንጨት እግሮች፤ ማለትም ቆዳው የሚወጠርባቸው፣ በየቁጥሩ የተጠረቡት ቅርጾች። የኮፍያ ሰፊው ክብ እንጨት። እነዚህ ሁሉ የጋራ ጠባይ አላቸው፦ ለአንድ ሰው ልክ የሚሠራበት ዕቃ ናቸው።

ካዛንቺስ የምናውቃቸው አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ስማቸውን አንጠራም። ቤታቸው ሊፈርስ ሲል ምን እንደሚያሳስባቸው ጠየቅናቸው። «መኪናውስ ብረት ነው፣ ይሸከሙታል። እኔን የጨነቀኝ ደብተሩ ነው» አሉን። ደብተር ያሉት ባለ 50 ሉክ የትምህርት ቤት ደብተር ነው፤ በስክሪፕቶ የተጻፈ የደንበኛ ልክ የሞላበት። ትከሻ፣ ወገብ፣ የእጅ ርዝመት፣ ከጎኑም «ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል» የሚል ማስታወሻ። አባት ለሠርጉ የተለካበትና ልጅ ለምርቃቱ የተለካበት ገጽ ፊት ለፊት ይተያያል። ጋሼ ዛሬ ከከተማው ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። በእግር የሚረገጥ ሲንጀር አራተኛ ፎቅ ላይ ምን እንደሚሠራ ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ደንበኛ ሱሪ ለማሳጠር ደረጃ አይወጣም፤ የታች ቤት ጎረቤት ደግሞ ራሱ ላይ የሚንኳኳ ብረት አይወድም።

አሁን ወደ አጥሩ ማዶ እንሻገር። ካዛንቺስ ጥግ አፍሪካ አዳራሽ አለ። አርቱሮ ሜዘዲሚ የነደፈው፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ያለበት፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተበት አዳራሽ። ለዓመታት በጥንቃቄ ሲታደስ ቆይቶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። ያው ሰሞን ማለት ነው! እድሳቱ ደስ ብሎናል፤ እንዲህ ያለ ሥራ በአዲስ አበባ እንደሚቻል ያሳየ ነውና። ነገር ግን ከአጥሩ በዚህ በኩል የነበረው ዕቃ ዕጣው ቆራሌው ሆነ። ለአንዱ ባለሙያና ጥናት፣ ለሌላው ሚዛን።

«አዳራሹ እኮ ታሪክ ነው፣ ይሄ የሰፊ ዕቃ ነው» የሚል አይጠፋም። ይህን ለሚል ሰው ሕጉን እናስታውሰው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም ከሳይንሳዊ፣ ከታሪካዊ፣ ከባህላዊና ከኪነ ጥበባዊ ዋጋ ጋር የእደ ጥበብ ይዘትንም ጠቅሷል። ሕግ አውጪው የእጅ ሥራን አልረሳም። የረሳነው እኛ ነን። በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ እስከ 2016 ዓ.ም. ያስመዘገብናቸውን አምስቱን ቁጠሩ፦ መስቀል፣ ፍቼ ጫምባላላ፣ ገዳ፣ ጥምቀት፣ ሹዋሊድ። አራቱ በዓላት፣ አንዱ የአስተዳደር ሥርዓት። ይገባቸዋል። ግን አንድም የእጅ ሙያ የለበትም። በዓሉን አስመዝግበናል፤ ለበዓሉ የለበስነውን ማን እንደሠራው አልጠየቅንም።

ይሄ ንቀት ደግሞ አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ብረት ሠሪውን «ጠይብ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ማንጓጠጥ እንዲቀር ያዘዙት ንቀቱ አገር ስላጠፋ ነው። ዛሬ ማንም ሰፊን በአደባባይ አይሰድብም። ስድቡ መልኩን ቀይሮ ባለሙያውን ከመሣሪያው ነጥሎ መሣሪያውን ማድነቅ ሆኗል። ካፌው ሲንጀሩን ይወዳል፤ ሰፊውን በሩ ላይ ቢቀመጥ ግን ዘበኛ ይልክበታል።

ምኒልክን ካነሳን አይቀር ፎቶግራፎቻቸውን አስታውሱ። ከነጩ የራስ ሻሽ በላይ ያ ሰፊ ጥቁር ባርኔጣ። ባርኔጣ ለእኛ ባዕድ ዕቃ አይደለም፤ የአባቶቻችን የክብር ልብስ አካል ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ባርኔጣ በልክ ካልሆነ ከባርኔጣ አይቆጠርም። የሰው ጭንቅላት ደግሞ በሜትር ሲለኩት አንድ ዓይነት ሆኖ ቅርጹ ግን ይለያያል። የሁለት ሰው ራስ ዙሪያ እኩል 58 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አንዱ ሞላላ፣ ሌላው ክብ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ «ኮንፎርማተር» የሚባል መሣሪያ የተፈለሰፈው። ራስ ላይ እንደ ባርኔጣ ይጠለቃል፤ ዙሪያውን የተደረደሩት ተንቀሳቃሽ እንጨቶች የጭንቅላቱን ጉብታና ጉድጓድ ተከትለው ይገፋሉ፤ ከላይ ደግሞ ያንን ቅርጽ አሳንሶ ትንሽ ወረቀት ላይ በመርፌ ይበሳል። ባለሙያው በዚያ ወረቀት ልክ ባርኔጣውን በሙቀት ያስተካክለዋል። ለንደን ውስጥ ከ1676 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየው የሎክ ባርኔጣ ቤት ይህን መሣሪያ ዛሬም ይጠቀምበታል። የታዋቂ ደንበኞቹን ወረቀቶች ደግሞ አስቀምጦ ለጎብኚ ያሳያል።

አስተዋላችሁ? የሎክ ወረቀትና የጋሼ ደብተር አንድ ነገር ናቸው። አንዱን ለማየት ቱሪስት ይሰለፋል፤ ሌላው ጓዝ ሲጫን የት እንደወደቀ አይታወቅም።

እዚህ ላይ የ«ቪንቴጅ» ወዳጆቻችንን እንንካ፤ የእኛው እኩዮች ስለሆኑ አይቀየሙንም። አሮጌ የኮፍያ ወይም የጫማ እንጨት ገዝታችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ፣ ቫርኒሽ ቀብታችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ «አደስኩት» ትላላችሁ። አላደሳችሁትም፤ ገደላችሁት። ሒሳቡን እንሥራው። ከባርኔጣ እንጨት ዙሪያውን 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ብትፈገፍጉ ዙሪያው በ1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀንሳል። 58 የነበረው 57 ሆነ ማለት ነው። ቁጥሩ ከታች ተቀርጾ 58 እያለ መሣሪያው ይዋሻል። ጫማም እንዲያው ነው፤ በአውሮፓ ቁጥር በ41ና በ42 መካከል ያለው ልዩነት 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከፊትም ከኋላም የተፈገፈገ እንጨት ቁጥሩን መጠበቁን ይተዋል። ቫርኒሹ ደግሞ እንፋሎት ሲነካው ይለሰልሳል፣ የሱፍ ጨርቁ ላይ ይጣበቃል። ለሥራ የሚታደስ እንጨት አቧራው ይጠረጋል፣ የተሰነጠቀው በሙጫ ይያያዛል፣ ከዚያ አርፎ ይቀመጣል። ወዙ የሠራተኛው እጅ ነው፤ አይላጥም።

ሲንጀሩ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። አብዛኛውን ጊዜ «ሞቷል» የሚባለው መኪና የሞተ ሳይሆን የተጣበቀ ነው። ለዓመታት የተጠራቀመ ዘይት ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። ላምባ አንጠብጥቦ፣ አንድ ሁለት ቀን ጠብቆ፣ መንኮራኩሩን ሳያስገድዱ ቀስ እያሉ ማዞር፤ ሲለቅ ጠርጎ የስፌት መኪና ዘይት መስጠት። ከላይና ከታች የሚያገናኘው የቆዳ ቀበቶ ከተበጠሰ ይቀየራል፤ ቆዳ ደግሞ በዚህ አገር ብርቅ አይደለም። ይህን የሚያውቁ እጆች ዛሬም መርካቶ አሉ። እንዲያውም ምን አለሽ ተራ አጠገባቸው ሆኖ ነው መኪናውን በኪሎ የሚያስረክቡት፤ ግርም የሚለንም ይሄ ነው።

እንግዲህ «ናፍቆተኞች ናችሁ» የምትሉንን እንስማ። የካዛንቺስ ቤቶች ጣራቸው ያፈስ እንደነበር፣ ለስንት አባወራ አንድ መጸዳጃ እንደነበር እናውቃለን። በዚያ ዓይነት ቤት መኖር ቅርስ ነው አላልንም። አሮጌ ነገር ሁሉ ይመለስም አላልንም። የባርኔጣ ሱፍ ድሮ በሜርኩሪ ይታሽ ነበር፤ ሠራተኞቹን እያንቀጠቀጠ አእምሯቸውን ያውክ ነበር። አሜሪካ ያንን ያስቆመችው በ1941 እ.ኤ.አ. ነው፤ ደግ አደረገች። እኛ የምንለው ቤቱ ሲፈርስ ሙያው አብሮ መፍረስ የለበትም ነው።

«ማን በልክ ያሠራል? ቦንዳ አለ፣ ቻይና አለ» ለሚሉን ደግሞ መልሳችን አጭር ነው። የሌላ አገር ሰው ለብሶ የተወውን ልባሽ ገዝተን ስንመጣ የት ነው የምንወስደው? ሱሪው እንዲያጥር፣ ወገቡ እንዲገባ፣ ትከሻው እንዲነሳ ወደ ማን ነው የምንሮጠው? ወደዚያው ሰፊ ነው። መብራት ሲጠፋም የማይቆመው እሱ ነው፤ በእግር የሚረገጥ መኪናና የከሰል ካውያ ቆጣሪ አያውቁም። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ባለበት ከተማ ይሄ ናፍቆት ሳይሆን ሒሳብ ነው።

የምንፈልገውም ብዙ አይደለም። ለልማት የሚነሳ ሰው ሲመዘገብ የቤተሰቡ ቁጥር እንደሚጻፍ ሁሉ የሙያ መሣሪያውም ይጻፍ፤ በሚሄድበት ቦታ ምድር ቤት ላይ፣ መንገድ ዳር፣ በር ያላት አንዲት ክፍል ይሰጠው። አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት፣ ምድር ላይ ሥራ። ከነጻነት ማግስት ጀምሮ ስንት ባለሙያ ያፈራው ተግባረ ዕድ ሜክሲኮ ተቀምጧል፤ ተማሪዎቹ አንድ ሴሚስተር የቆየ የስፌት መኪና ቢጠግኑ የሚጎዳ ትምህርት አይደለም። መስቀል አደባባይ ያለው፣ የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የነበረው የአዲስ አበባ ሙዚየም ደግሞ እዚሁ ቂርቆስ ውስጥ ነው። አንድ ክፍል ለካዛንቺስ ሰፊዎች ቢሰጥ፣ ያውም በመስታወት ተዘግቶ ሳይሆን በሳምንት አንድ ቀን ባለሙያው ተቀምጦ ጎብኚውን እየለካ፣ ማን ይቃወማል? የመግቢያው ገንዘብም ለሚለካው እጅ ይሁን።

ባለ ካፌዎች፣ እናንተም ብትሆኑ መኪናውን አትጣሉ። ጭንቅላቱን መልሱለት። ጥግ ላይ አስቀምጡት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰፊ ጥሩ፣ የደንበኛው ቁልፍ ይተከል፣ ሱሪው ይጠር። ከማኪያቶው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ሞክሩት።

እናንተ ደግሞ ቤታችሁ ምልክት የተቀባበት አንባቢዎቻችን፣ ቆራሌው በር ላይ ሲጮህ ከመጥራታችሁ በፊት የእናታችሁን ሲንጀር ሽፋን አንሡ። በስተቀኝ በኩል፣ መንኮራኩሩ ሥር ባለው ጠፍጣፋ ብረት ላይ በፊደል የሚጀምር ወይም ቁጥር ብቻ የሆነ መለያ ተመትቶበታል። በጨርቅ ጥረጉት። ኩባንያው ቁጥሮቹን በየዓመቱ መዝግቧቸዋል፤ መኪናው በየትኛው ዓመት እንደተሠራ ከዚያ ይገኛል። ከዚያ መንኮራኩሩን ወደ እናንተ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። መርፌው ከወረደ በሚዛን አትስጡት።