ቀጪውም፣ ዳኛውም፣ ገንዘብ ተቀባዩም አንድ ሲሆን

ለመሆኑ መኪና በማቆም የተነሳ የትምህርት ማስረጃ ይታገዳል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? አሜሪካን አገር ታግዷል። ያውም አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ተማሪው አራት ዓመት ተምሮ፣ ፈተናውን አልፎ፣ የትምህርት ክፍያውን ጨርሶ ሲያበቃ «ግቢያችን ውስጥ መኪና ያለ ቦታው አቁመህ የተቀጣኸው ቅጣት አልተከፈለምና ትራንስክሪፕትህን አንሰጥም» ይባላል። ሥራ ለመቀጠር ትራንስክሪፕት ያስፈልጋል፤ ቅጣቱን ለመክፈል ደግሞ ሥራ ያስፈልጋል። እንግዲህ ፍረዱ!

«የአሜሪካ ፓርኪንግ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ትንሽ ይታገሰኝ፤ ስድስት ኪሎ መምጣቴ አይቀርም።

ነገሩን በወሬ ሰምቼ አይደለም የምጽፈው። ዋሽንግተን የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው በዚያች ከተማ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያዎች ቁልፍ ተቀብሎ የሚያቆመው ብዙው የእኛ አገር ሰው ነው። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ። ቀን የሰው መኪና ሳቆም እውልና ማታ የራሴን አሮጌ ቶዮታ ይዤ አንድ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ቦታ ፍለጋ እዞራለሁ። የማቆሚያ ፈቃዱን ገዝቻለሁ፤ ፈቃድ መግዛት ግን ቦታ መግዛት አይደለም። ተማሪዎቹ ራሳቸው «የአደን ፈቃድ» ነበር የሚሉት። አውሬውን ማግኘት ያንተ ፈንታ ነው።

አንድ ማታ በረዶ ወርዶ የመሬቱን መስመር ሁሉ ደፍኖታል። ከክፍል ስወጣ «ከመስመር ውጭ አቁመሃል» የሚል ቲኬት መስታወቴ ላይ ተሰክቶ አገኘሁ። የማይታይ መስመር! ይግባኝ አልኩ። ይግባኙን የሰማው ማን መሰላችሁ? ቲኬቱን የጻፈው ቢሮ። መልሱን ለመገመት ጠንቋይ ቤት መሄድ አያሻም። አልከፍልም ብዬ ቆየሁ፤ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ልመዘገብ ስል ኮምፒዩተሩ «ዕዳ አለበት» ብሎ ዘጋብኝ። ከፈልኩ። ምን አማራጭ ነበረኝ?

ነገሩ የአንድ ክፉ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ይህን ጋዜጣ ባላስቸገርኩ ነበር። ጉዳዩ አሠራሩ ነው። በብዙዎቹ የአሜሪካ ካምፓሶች የፓርኪንጉ ክፍል ከዩኒቨርሲቲው በጀት አይቆረጥለትም፤ ፈቃድ ሸጦ፣ ቅጣት ሰብስቦ ራሱን እንዲችል ነው የሚፈለገው። አስቡት እንግዲህ። ተማሪው ሁሉ ጨዋ ሆኖ በሥርዓት ቢያቆም መሥሪያ ቤቱ ገቢው ይጎድልበታል! ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ተቆጣጣሪውም መኪናው መንገድ ዘጋ አልዘጋ ሳይሆን ሰዓቱ አለፈ አላለፈ እያለ የሚዞረው ለዚህ ነው።

ኦሃዮ የሆነው ደግሞ ይብሳል። ብዙ ኢትዮጵያዊ በሚኖርባት ኮሎምበስ ከተማ የሚገኘው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ30 ሺህ በላይ መኪና የሚይዘውን ማቆሚያውን ለ50 ዓመት በ483 ሚሊዮን ዶላር አከራየው። ተከራዩ ማን ነው? የአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት መንግሥት ንብረት የሆነ የኢንቨስትመንት ድርጅት። ውሉ በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ዋጋውን በየዓመቱ እስከ 5.5 በመቶ መጨመር ይፈቅድለት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ብሩን በአንድ ጊዜ አፈሰ። በዚያ ዓመት ገና ያልተወለደ ልጅ ግን አድጎ ኮሎምበስ ሊማር ሲገባ መኪናውን የሚያቆመው ለአውስትራሊያ ኪራይ እየከፈለ ነው። (በነገራችን ላይ ካሊፎርኒያ በርክሌይ የኖቤል ተሸላሚ ፕሮፌሰር የግሉ ማቆሚያ ይሰጠዋል፤ ምልክትም ተተክሎለታል። ሽልማቱን ያላገኘ ይዙር።)

ቅጣት ይቅር አላልኩም። ሥራው እንጀራዬ ስለነበር አውቀዋለሁ፤ ያለ ሥርዓት መኪና ማቆሚያ ገበያ ነው። የአካል ጉዳተኛ ቦታ ላይ ያቆመ ጤነኛ ሰው በደንብ ይቀጣ እላለሁ። ጥያቄዬ ብሩ የት ይገባል የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ያገኘሁት ኖርዝ ካሮላይና ነው። የዚያ ግዛት ሕገ መንግሥት ከቅጣት የሚገኝ ገንዘብ ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንዲውል ያዛል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን የካምፓስ ፓርኪንግ ቅጣቱን ለራሳቸው ያስቀሩ ነበር። የትምህርት ቤት ቦርዶች ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2005 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፓርኪንግ ቅጣቱም ቢሆን የሕፃናቱ ነው ሲል ፈረደ። በ2008 ደግሞ አንድ ዳኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በልዩ ልዩ ቅጣት ስም ሰብስበው ያስቀሩትን ደምረው ለትምህርት ቤቶቹ ወደ 748 ሚሊዮን ዶላር ይገባቸዋል አሉ። ብዙው ሳይከፈል ዓመታት አልፈዋል፤ መንግሥት የትም አገር ሲቀበል ፈጣን፣ ሲከፍል ኤሊ ነው። መርሁ ግን ተቀምጧል፦ ቲኬት የጻፈው እጅ ብሩን ኪሱ አይከተውም። ካሊፎርኒያ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ሕግ በዕዳ ምክንያት ትራንስክሪፕት መያዝን ከለከለች።

አሁን ስድስት ኪሎ ደረስኩ። ለመያዣማ እኛ ማንንም አናስቀድምም። ትራፊክ ፖሊስ ታርጋ ሲፈታ፣ መንጃ ፈቃድ ሲይዝ ኖሯል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወጪ መጋራት የሚባለው ከመጣ ወዲህ ደግሞ ስንቱ ተመራቂ ነው ጊዜያዊ ወረቀት ተሰጥቶት «ዋናውን ዕዳህን ስትከፍል ትወስዳለህ» የተባለው? የኦሃዮውና የኛው ልጅ ሳይተዋወቁ አንድ መስኮት ላይ ቆመዋል።

በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ አዋጅ ወጣ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆነ። ነፃነቱን ማንም አይጠላም፤ እኔም አልጠላሁም። ነገር ግን ራስ ገዝ ማለት ገቢህን ራስህ ፈልግ ማለትም ነው። ገቢ የሚፈልግ ሹም ግቢ ውስጥ ሲዞር ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ምን ላይ ይመስላችኋል? ምርምር ላይ? ፓተንት ላይ? ኧረ ተዉ! አሜሪካኖቹ ያን ሁሉ ምርምር ይዘው እንኳ ፓርኪንግ ሸጠዋል። በኛ አገር ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለው ለቀልድ አይደለም። ዛሬ የመኪና ማቆሚያ፣ ነገ የዘገየ መጽሐፍ፣ ከነገ ወዲያ የጠፋ መታወቂያ፤ ሁሉም ቅጣት፣ ሁሉም ለግቢው ካዝና፣ ሁሉም በትራንስክሪፕት መያዣነት። መኪና የሌለው ተማሪ «እኔን አይመለከተኝም» እንዳይል።

ስለዚህ የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ አባላትን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። «ቅጣት» የሚለውን ቃል በመመሪያችሁ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ አሳውቁን፦ ብሩ የሚገባው የማን ሒሳብ ውስጥ ነው? ይግባኙን ከቀጪው ቢሮ ውጭ የሚሰማው ማን ነው? ያልከፈለ ተማሪ ማስረጃውን ያገኛል ወይስ አያገኝም? መልሱን እዚሁ ጋዜጣ ላይ እንጠብቃለን።