ጡረታ የወጣ መዝገብ

ፍኖተ ሰላምም ይሁን ቡሬ፣ መርማሪ ፖሊስ ወይም ዳኛ በጡረታ ሲሸኝ ከጋቢው ጋር የሚደረብለት ምክር አለ፦ ያየኸውን ሁሉ ጻፈው፣ ግሩም የወንጀል ልብ ወለድ ይወጣዋል። ሸኚው ያጨበጭባል፣ ተሸኚው ያምናል። ከዚያ በኋላ ያለው መከራ የአንባቢ ነው።

የመካሪዎቹ ማስረጃ "ልምድ አለው" የሚል ብቻ ነው። የምን ልምድ? የክስ ማመልከቻ የተከሳሹን ስም ከነአባቱ ከመጀመሪያው ገጽ ያሰፍራል፤ የወንጀል ልብ ወለድ ግን ያንኑ ስም እስከ መጨረሻው ለመደበቅ የሚደረግ ልፋት ነው። ሠላሳ ዓመት ቃል ሲቀበል፣ "ከላይ በተጠቀሰው ቀንና ሰዓት" እያለ የኖረ እጅ በአንድ የጡረታ ደብዳቤ አይፍታታም። እንዲያውም ከሌላው ሰው ይልቅ እሱ የሚረሳው ብዙ አለበት።

ሐዲስ ዓለማየሁን ምስክር የሚጠራም አይጠፋም። ይጥራ! በ1902 ጎጃም፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆነዋል፤ "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958፣ "ወንጀለኛው ዳኛ" በ1974 ወጡ። ሁለተኛው ሲታተም ዕድሜያቸው 72 ነበር። ነገር ግን ከሁለቱም አስቀድሞ በ1948 "ተረት ተረት የመሠረት" አለ፤ ከእሱም አስቀድሞ በወጣትነታቸው የደረሱት ተውኔት አለ። ብዕራቸው ሽኝት አልጠበቀም። ደግሞስ፣ ዳኛን ወንጀለኛ ያሉት ሰው ዕድሜያቸውን የጨረሱት ችሎት ላይ ነበር እንዴ?

አሜሪካዊው የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ሬይመንድ ቻንድለርም እ.ኤ.አ. በ1932 የተባረረው ከነዳጅ ኩባንያ እንጂ ከፖሊስ ጣቢያ አይደለም። የመጀመሪያዋ አጭር ታሪኩ ብቻ አምስት ወር ፈጀችበት፤ የመጀመሪያ ልብ ወለዱ የታተመው በ1939 ነው።

ከሁሉ የሚያናድደው ባለጡረታው በእጁ ያለውን መጣሉ ነው። አያቶቹ አውጫጭኝን ያውቁ ነበር፦ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ወንጀለኛው እስኪወጣም ወደ ቤቱ አይመለስም። ሁሉም ተጠርጣሪ፣ ሁሉም ምስክር፤ ከብቱ ሳይጠበቅ፣ እርሻው ሳይታረስ። አጋታ ክሪስቲ ይህን ብታገኝ ኖሮ! ነገሩ የደም በቀል ሲሆን ደግሞ ገዳዩን አገር ያውቀዋል፤ የቀረው ጥያቄ ማን ሸምግሎ ያስታርቃል የሚለው ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ የውጭ አገር ጸሐፊ ከየት ያመጣዋል?

የእኛ ሰው ግን ካፖርት የደረበ፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ መርማሪ ፈጥሮ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት ቃሉን ሲቀበለው የኖረው የቡሬ ገበሬ አንድ ገጽ እንኳ አልደረሰውም።