የተመረቀ ሰው ነርስ ለመሆን ቢሻ

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ ልጁን ለዩኒቨርሲቲ ምረቃ ያበቃ ቤተሰብ ዛሬ ብዙ ነው፤ ዲግሪውን በሣጥን አስቀምጦ ባጃጅ የሚነዳ፣ ከበርበሬ ነጋዴ ዘንድ ጆንያ የሚያስጭን፣ ወይም ተመልሶ በአባቱ ማሳ በቆሎ የሚኮተኩት ምሩቅም እንዲሁ ብዙ ነው። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል እናቱን ወይም አባቱን በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ሲያስታምም ሰንብቶ፣ በዚያም የነርሶችን ሥራ በቅርብ ተመልክቶ፣ ልቡ ወደዚህ ሙያ ያዘነበለ ሰው አልፎ አልፎ ይገኛል፤ እንዲህ ያለው ሰው ወደ ትምህርት ቤት በር ሄዶ ምን ላድርግ ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ግን ከብላቴኖች ጋር ተሰልፎ ከመጀመሪያው እንዲጀምር፣ ያለዚያም አሳቡን እንዲተው የሚያስገድድ ነው። ይህ ነገር ለአገርም ለሕሙማንም የማይበጅ መሆኑንና የነርስነት ትምህርት ቤቶቻችን ቀድሞ ለተመረቀ ሰው የተለየና የተከበረ መግቢያ ሊያበጁለት እንደሚገባ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እወዳለሁ።

በአሁኑ ሥርዓት ተማሪ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ጀምሮ የተፈጥሮ ሳይንስና የማኅበራዊ ሳይንስ ተብሎ ይለያል፤ የማኅበራዊውን መንገድ የያዘ ልጅ ገና የራሱን ዝንባሌ አጥርቶ ሳያውቅ የጤና ትምህርት በር ይዘጋበታል፣ ከዓመታት በኋላም አእምሮው በስሎ፣ የሰው መከራ ልቡን ነክቶት ቢመለስ የሚከፍትለት አያገኝም። የተፈጥሮ ሳይንስ ያጠናውም ቢሆን ዕጣው ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ ለምሩቃን ተብሎ በተለይ የተቀረጸ የነርስነት ሥርዓተ ትምህርት ስላልተዘጋጀለት እንደ አዲስ ገቢ ይቆጠራል፣ በ2012 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች እንደገና የተጀመረውን የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርትም ይጋፈጣል። በስታቲስቲክስ የተመረቀ ሰው የመጀመሪያ ዓመት ሒሳብ፣ ለዓመታት እንግሊዝኛ ያስተማረ መምህር የጀማሪ እንግሊዝኛ፣ ሁሉም በአንድነት ሎጂክና የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ እንዲማሩ ማድረግ ከዕድሜያቸው ላይ አንድ ዓመት ያለ ፍሬ መቁረጥ አይደለምን? በዲፕሎማ ያገለገለ ነርስ ወደ ዲግሪ የሚሻገርበት መንገድ ተበጅቶለታል፤ ይህም መልካም ነው። በሌላ ትምህርት ዲግሪ ይዞ ወደ ነርስነት ለሚሻገረው ግን ድልድዩ አልተሠራም።

የአገራችን የቀደመ ትምህርት ሥርዓት በዚህ ረገድ ከዘመናዊው ይልቅ አስተዋይ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የጎጃም ምድር እነ ጎንጅንና እነ ዋሸራን የመሳሰሉ፣ ስማቸው ከቅኔ ተነጥሎ የማይጠራ ጉባኤ ቤቶች የተተከሉበት ምድር ነው፤ ወደ እነዚህ ጉባኤያት ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ የሚመጣው ደቀ መዝሙር ሁሉ ብላቴና አልነበረም። ድጓውን በሌላ ደብር አስመስክሮ፣ ራሱ የዜማ መምህር ተብሎ ሲጠራ የነበረ ሰው፣ ቅኔ ለመማር ሲል መምህርነቱን ትቶ ዳግመኛ ከተማሪ ጎጆ ይገባ ነበር፤ ቅኔውን ሲጨርስም ወደ መጻሕፍት ቤት ተሻግሮ ብሉያቱንና ሐዲሳቱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን ለመማር ከሌላ መምህር እግር ሥር ይቀመጥ ነበር። ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት በመምጣቱ የፊተኛውን ድካሙን ከንቱ አደረገው ብሎ የሚነቅፈው አልነበረም፤ ይልቁንም በሁለት ጉባኤ የዋለ ተብሎ ይከበር ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የቅኔው መምህር ይህን ሰው ሲቀበል ከፊደልና ከንባብ ጀምር ብሎ አለማዘዙ ነው፤ የሚያውቀውን እንደሚያውቀው ቆጥሮ የማያውቀውን ያስተምረው ነበር። አባቶቻችን በጎጆ ሥር የፈጸሙትን ይህን ሥርዓት እኛ በሕንፃ ውስጥ መፈጸም አለመቻላችን ሊያሳዝነን ይገባል።

ምናልባት የመሰናክሉ ሥር ከደንቡ ይልቅ በልባችን ያለው ንቀት ይሆናል። ነርስነት ከሐኪም ትእዛዝ ተቀብሎ መርፌ መውጋትና የሕመምተኛ ሰገራ መድፋት ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ወላጅም ልጁ በማኔጅመንት ወይም በምሕንድስና ተመርቆ ሳለ ነርስ ልሁን ቢለው ከሰገነት ወደ ምድር የወረደ ያህል ያዝናል። ለዚህ አስተሳሰብ መልስ የሚሆነውን ነገር ከራሱ ከጎጃም አፈር ላገኝ እችላለሁ። በጎጃም ደጋና ወይናደጋ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስና ሲመላለስ የኖረ ገበሬ፣ የአፈሩ ረቂቅ ማዕድናት በእግሩ ቆዳ ሰርገው ገብተው የውስጡን ቱቦዎች እያቆሰሉ፣ ዓመት ከዓመት እግሩ እያበጠና እየተላጠ የሚሄድበት ደዌ አለ፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፣ የሕክምና ሊቃውንትም ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ደዌው በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ መሆኑንና ከአፈር የሚመጣ መሆኑን በሰፊው ያስረዳው በአገራችን ሲሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በኢትዮጵያ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው በዚህ ደዌ እንደሚሠቃይ ተገምቷል፤ የጎጃም አገርም ደዌው ከጸናባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ታማሚው ከሕመሙ ይልቅ በሰው ፊት ማፈሩ ይበረታበታል፤ ከዘር የሚወርድ ነው እየተባለ ልጆቹ ለጋብቻ ይሸሻሉ፣ እርሱም ከማኅበርና ከደቦ ራሱን ያገልላል።

ለዚህ ደዌ ከሁሉ የሚፈለገው የነርስ እጅ ነው። እግሩ በየዕለቱ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውሃ ይዘፈዘፋል፣ በጥንቃቄ ደርቆ ቅባት ይቀባል፣ በፋሻ ይጠቀለላል፣ ሲቀመጥ ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል፣ በመጨረሻም ካልሲና ጫማ ይደረግለታል፤ ይህ ያለ መታከት ለወራት ከተደረገለት እብጠቱ ይቀንሳል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ሰውየው ወደ እርሻውና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይመለሳል። ነገር ግን ታማሚው በቤቱ ይህን ሁሉ እንዲቀጥል ማስተማር፣ ደዌው እርግማን ሳይሆን ከአፈር የመጣ መሆኑን ለቤተ ዘመዱ ማስረዳት፣ ልጆቹ ጫማ እንዲያደርጉ ማሳመን ዕውቀትና ትዕግሥት ይጠይቃል። በጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግር ሲፈጸም ካህናት ዝቅ ብለው የምዕመናንን እግር ሲያጥቡ በአክብሮት የሚመለከት ሕዝብ፣ ይህንኑ በየቀኑ ለድውያን የሚያደርገውን ሰው ዝቅ አድርጎ ሊያይ የሚገባው ስለ ምንድን ነው? የእግር ደዌው ከአፈር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ፣ የአፈርን ጠባይ አራት ዓመት ያጠና የግብርና ምሩቅ ነርስ ሆኖ ቢመጣ፣ ገበሬውን ስለ ማሳውና ስለ እግሩ በአንድነት ሊያስተምረው የሚችል ከእርሱ የተሻለ ማን ይገኛል?

ከፍ ካለ ስፍራ ወደዚህ ሙያ የገቡ ሰዎች ታሪክ በእኛም አገር አለ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በጠላት ወረራ ዘመን በስደት እንግሊዝ አገር ሳለች በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ተምራ ተመርቃለች፤ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆና የሕፃናትን ጨርቅ መለወጥና ቁስል ማጠብ አላሳፈራትም። ከነጻነት በኋላ ለአገሯ ልታገለግል ስትነሣ፣ ከቡሬ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ የሚዘልቀው መንገድ በሚያደርሰው በነቀምት ሳለች በ1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ዐረፈች፤ ዛሬ ሥልጡን ነርስና አዋላጅ በየወረዳው እንዲኖር የምንጮኽበት ሞት የንጉሥንም ልጅ አልማረም። በውጭውም ዓለም እነሆ ፍሎረንስ ናይቲንጌል የግሪክና የላቲን ቋንቋ፣ ሒሳብም ጭምር ከአባቷ ተምራ ያደገች ሴት ነበረች፤ የስታቲስቲክስ ዕውቀቷንም የወታደሮችን አሟሟት መንሥኤ ለመግለጥ ተጠቅማበታለች። የነርሶች ትምህርት ቤቷን በ1860 እ.ኤ.አ. በለንደን ስትከፍት የቀደመው ትምህርቷ ሸክም ሳይሆን መሣሪያ ሆኗታል።

ዛሬም በአሜሪካ ሌላ ዲግሪ ያለው ሰው ከ12 እስከ 18 ወር በሚፈጅ ጽኑ ትምህርት የነርስነት ዲግሪ የሚያገኝበት ሥርዓት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይሠራበታል፤ የዚህም ዓይነተኛ ጅምር በ1971 እ.ኤ.አ. በሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው ነው። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ በሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል፣ በአገሩ መምህር ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ወይም መሐንዲስ ሲባል የነበረ፣ እዚያ ግን ሽማግሌዎችን ከማንሣትና ከማጠብ ጀምሮ ሌሊት እየሠራ ቀን እየተማረ ነርስ የሆነ ሰው ማግኘት አያዳግትም፤ ቤተሰቡም በዚህ አላፈረም፣ እንዲያውም ይኮራበታል። በባዕድ ምድር የሚያስከብረን ሥራ በፍኖተ ሰላም የሚያሳፍረን ከሆነ ጉድለቱ ከሥራው አይደለም።

ደግሞም መንግሥታችን ለምሩቃን በር መክፈት እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በ2004 ዓ.ም. በሳይንስና በጤና ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ተቀብለው ሐኪም የሚያደርጉ 13 የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ተከፍተው ነበር። ለሐኪምነት የተፈቀደው ለነርስነት የሚከለከልበትን ምክንያት እኔ በበኩሌ ላገኘው አልቻልሁም።

አሁን በብርቱ ሊቃወመኝ የሚነሣውን ሰው አሳብ ልመልከት። ነርሶች ራሳቸው ተመርቀው ሥራ አጥተው ተቀምጠው ሳለ፣ ያሉትም በግንቦት 2017 ዓ.ም. ስለ ደመወዛቸው ማነስ አቤት ብለው ሥራ እስከ ማቆም በደረሱበት አገር፣ ሌላ ሥራ አጥ ወደዚያው መጨመር ምን ይጠቅማል ይላል። ተቃውሞው እውነት አለበት፤ ወደዚህ ሙያ የሚገባ ምሩቅ ሁሉ ደመወዙ ትንሽ መሆኑን፣ የመንግሥት መደብም በበጀት የሚወሰን መሆኑን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፣ ነርሶችም ለድካማቸው የሚመጥን ክፍያ ሊያገኙ ይገባል። ነገር ግን የመደብ ማነስና የነርስ አለማስፈለግ አንድ አይደሉም። ሕመምተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ሰዓታት የሚጓዙ ሰዎች ያሉበት አገር ነርስ ጠግቧል ሊባል አይችልም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ የአየር ጥቃት ደርሶ ብዙ ሰው በሞተና በቆሰለ ጊዜ፣ በዚያች ቀን በሆስፒታል አንድ ተጨማሪ ቁስል የሚያጥብ እጅ ትርፍ ነው የሚል ሰው ባልተገኘም ነበር።

ከዚህም ሌላ አንድ ነገር አለ። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ወደ ነርስነት የሚገባው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ውጤቱ ስለመደበው እንጂ እርሱ ስለመረጠው አይደለም፤ በሃያ ስድስትና በሠላሳ ዓመቱ የሚመጣው ግን አውቆ፣ ሌላውን ቀምሶ፣ አስቦ የመረጠ ነው። ሁሉም በበጎ አሳብ ይመጣል አልልም፤ ደመወዝ ብቻ ፈልጎ የሚመጣ ይኖራል። ስለዚህ መግቢያው በወረቀት ብቻ ባይሆን እመርጣለሁ፤ አመልካቹ አስቀድሞ ቢያንስ ሦስት ወር በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል በረዳትነት ቢያገለግል፣ አዳር ተረኛ ሆኖ ቢያድር፣ ከዚያም የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ሲስተር ስለ ጠባዩና ስለ ትዕግሥቱ ትመስክርለት። ከዩኒቨርሲቲው የትምህርት ማስረጃ ይልቅ የእርሷ ምስክርነት ይበልጥ ሊታመን ይገባዋል።

የትምህርቱ ዘመን ሁለት ዓመት ሊሆን ይችላል፤ የጋራ ትምህርቶቹ ይቀሩለት፣ ነገር ግን በሕሙማን ዘንድ የሚደረገው ልምምድ አንድ ሰዓት እንኳ አይቀነስ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውም ከሌሎች ነርሶች ጋር አንድ ይሁን። ከማኅበራዊ ሳይንስ የመጣው በአንድ ክረምት የሰውነት አካላትን ጥናት፣ ኬሚስትሪንና የጥቃቅን ሕዋሳትን ትምህርት ተምሮ ከተፈተነ በኋላ ይግባ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ትምህርት የሚሰጥ፣ በቡሬም ካምፓስ ያለው ስለሆነ፣ ሠላሳ ያህል ተማሪዎችን ይዞ ለመጀመር ከእርሱ የሚቀርብ የለም፤ ልምምዱንም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሆስፒታሎች ማድረግ ይቻላል። የክልሉ ጤና ቢሮ የትምህርቱን ወጪ ቢሸፍንላቸው፣ ተማሪዎቹም በምላሹ እንደ ሰከላ፣ እንደ ወንበርማና እንደ ደጋ ዳሞት ባሉ ወረዳዎች ለተወሰኑ ዓመታት ለማገልገል ቃል ቢገቡ፣ ከሁለቱም ወገን የሚጎዳ አይኖርም። የትምህርት ሚኒስቴርና የጤና ሚኒስቴር ይህን በጋራ መርምረው፣ ከመጪው ዓመት የተማሪዎች ምደባ አስቀድሞ ለምሩቃን የሚሆን የመግቢያ ደንብ እንዲያወጡ እለምናለሁ።